የአምባሰል አፈር በባሕር ወለል፤ ማግኔታዊ ደለልና የጥንት አየር ንብረት ንባብ

በአምባሰል ሰንሰለት ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሁለት መንገድ አለው። በስተ ምዕራብ የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል፤ የጠረገው አፈርም ለብዙ ሺህ ዓመታት ሜዲትራኒያን ወለል ላይ ሲያርፍ ኖሯል። በስተ ምሥራቅ፣ በውጫሌ በኩል፣ የወረደው ወደ ሚሌና ወደ አዋሽ ያመራል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ከዚሁ አካባቢ መውጫ ወደሌለው ወደ ሐይቅ (ሎጎ) የሚገባም አለ። ምንጩ አንድ ዓይነት የሆነ አፈር ማረፊያው እንዲህ መለያየቱ፣ የባሕር ደለልን ማግኔታዊ ጠባይ ለሚያጠና ሰው ታላቅ ዕድልም ታላቅ ወጥመድም ነው።

አፈሩ ማግኔት የሚቀበለው ከእናት ዐለቱ የተነሣ ነው። የወሎ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ባዛልት የተገነቡ ናቸው። ይህ ዕድሜ ከተወሰነባቸው ቦታዎች አንዱ ከአምባሰል ብዙ የማይርቀው የወገል ጤና ገደል ሲሆን፣ በዐለቱ ውስጥ የታተመው የምድር ማግኔታዊ አቅጣጫም እዚያው ተለክቷል። ባዛልቱ ታይታኒየም የተቀላቀለበት ማግኔታይት በብዛት ይዟል። ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት በደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ጎትቶ ጥቁር ጢም ያበቀለ የገጠር ልጅ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ቤተ ሙከራውም በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ከባሕር ወለል የወጣውን የደለል ዘንግ በየሴንቲሜትሩ እየለካ ማግኔታዊ ምላሹ የት እንደበረታ፣ የት እንደደከመ ይመዘግባል።

የማግኔት መበርታት ግን ምን ማለት ነው? በዓረብ ባሕር፣ እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም አቀፉ የውቅያኖስ ቁፋሮ ፕሮግራም የወጣውን ደለል ያጠኑት ፒተር ዲሜኖካልና ባልደረቦቹ የምላሹን መበርታት የአቧራ ምልክት አድርገው አነበቡት። ከዓረብ ምድርና ከአፍሪካ ቀንድ ነፋስ ያነሣው ብናኝ ሲበዛ ምላሹ ይበረታል፤ ስለዚህ ብርታቱ ድርቅን ያመለክታል። ከቆጵሮስ በስተ ደቡብ ከተቆፈረው የሜዲትራኒያን ደለል ላይ ደግሞ ሁዋን ላራሶኛና ባልደረቦቹ የሰሐራን አቧራ በሄማታይት ለይተው የ3 ሚሊዮን ዓመት መዝገብ አወጡ። እዚያው ባሕር ግን ዓባይ የሚያመጣው ማግኔታይት አለ፤ እሱ ከነፋስ ሳይሆን ከጎርፍ የመጣ ነው። ሁለቱን ማዕድናት ሳይለይ አጠቃላይ ምላሹን ብቻ የሚያነብ ሰው ክረምቱን በበጋ ይተረጉማል።

ከዚህ የከፋም አለ። ዓባይ በኃይል በሞላባቸው ዘመናት የሜዲትራኒያን ጥልቅ ውኃ ኦክስጅን አጥቶ፣ ሳፕሮፔል የሚባለው ጥቁር ደለል ተጋግሯል፤ የመጨረሻው ከ10,800 እስከ 6,100 ዓመት በፊት የተጣለው ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት ሰልፋይድ ማግኔታይቱን ያሟሟዋል። እንግዲህ ከሐበሻ ተራሮች ብዙ ጎርፍ በወረደበት ዘመን የጎርፉ ምስክር ራሱ ከመዝገቡ ሊፋቅ ይችላል ማለት ነው። ውጫሌ አጠገብ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛና በጣሊያንኛ ተለያይቶ መነበቡን ለሚያስታውስ አንባቢ አንድ ሰነድ ሁለት ንባብ መውለዱ እንግዳ አይሆንበትም። እዚያ ያጣላው ቃል ነበር፤ እዚህ ኬሚስትሪ ነው።

በእኔ ግምት ዳኛው ያለው ሐይቅ ላይ ነው። ከሐይቅ ወለል የወጣው 8.25 ሜትር ደለል ለ15,600 ዓመታት ይመሰክራል፤ በዳያተም (ደቃቅ የውኃ አልጌ) ቅሪቶቹ መሠረት ውኃው ከ12,000 እስከ 10,000 ዓመት በፊት ከፍተኛ ጥልቀት ላይ ደርሶ፣ ከ5,200 ዓመት ወዲህ ፈጥኖ ጎድሏል። ዳርቢሻየር፣ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት የሐይቅና የጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ የአበባ ብናኝ ጥናት ደግሞ፣ የዝግባና የጽድ ደን ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ በክትክታና በሣር ተተካ፤ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጽዱ ከወይራ ጋር ተመለሰ።

የተመነጠረ ቁልቁለት አፈሩን ወደ ሐይቁ ይለቃል፤ ማግኔታዊ ምላሹም ዝናቡ ሳይጨምር ሊያሻቅብ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። የእርሻ ላይኛ አፈር በአፈር ሂደትና በእሳት የተፈጠሩ እጅግ ደቃቅ ማግኔታዊ ቅንጣቶች አሉት፤ ምላሻቸው በሁለት የተለያየ ድግግሞሽ ሲለካ ጎላ ያለ ልዩነት ያሳያል። ከቦረቦር የተፋቀ ሻካራ የባዛልት ፍርካሽ ይህን ያህል አይለይም። ስለዚህ ደቃቁና ሻካራው ተለይተው፣ ከአበባ ብናኙና ከከሰል ቅሪቱ ጎን ቢቀመጡ፣ የገበሬው መጥረቢያና የሰማዩ ዝናብ ድርሻቸው ይለያል። ባሕሩ ውስጥ ያለውን የበሽሎ አፈር ለመተርጎም መጀመር ያለብን ከዚህ ይመስለኛል።

ጥንቃቄው ለወደፊቱም ያስፈልጋል። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ የዓባይ ደለል አብዛኛው ሜዲትራኒያን አይደርስም፤ ዛሬ ደግሞ የበሽሎ አፈር ቀድሞ የሚያርፈው ጉባ ላይ በታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ነው። ከሺህ ዓመታት በኋላ የዚያን ባሕር ወለል የሚቆፍር ሰው ከዓባይ የመጣው ማግኔታይት በድንገት ሲጎድል ያያል። ስለ ግድቦቹ ካልሰማ፣ ወሎ ያን ጊዜ ዝናብ አጥቶ ነበር ብሎ ይጽፋል።