የነርሶች ፈተናና ሁለቱ ቁልፎች

አንድ ኪቦርድ ላይ ወደ መቶ የሚጠጉ ቁልፎች አሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1994 የአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ ፈተና ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ግን ተፈታኞች የሚጠቀሙት ሁለቱን ብቻ ነበር፦ ስፔስ ባርንና ኢንተርን። ለምን ይመስላችኋል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈተናው ኤንክሌክስ ይባላል፤ አገር ቤት ተምረው አሜሪካ ለመሥራት የሚያስቡ ነርሶቻችንም የሚቀመጡለት ነው። ከዚያ በፊት በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእርሳስና በወረቀት፣ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ያኔ ኮምፒዩተር ገና በየቤቱ አልገባም።

አዲሱ ፈተና ደግሞ እንደ ተፈታኙ ራሱን የሚያስተካክል ነው። በትክክል ስትመልሱ ከበድ ያለ ጥያቄ ይመጣል፤ ስትሳሳቱ ቀለል ያለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም የለም። ማሽኑ ተፈታኟ ከማለፊያው መስመር በላይ ወይም በታች መሆኗን 95 በመቶ እርግጠኛ ሲሆን ያቆማል፤ ያኔ አንዷ በ75 ጥያቄ ትጨርስ፣ ሌላዋ እስከ 265 ትሄድ ነበር። እስቲ አስቡት፦ መልሱን እያወቀች ጣቷ ሌላ ቁልፍ ላይ ያረፈባት ተማሪ ለኮምፒዩተሩ ያላጠናች ናት። የጣትን ስህተት ከእውቀት ማነስ የሚለይበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ በስፔስ ባር ከምርጫ ወደ ምርጫ መሄድ፣ በኢንተር መምረጥ፣ ለማጽደቅ ኢንተርን ደግሞ መጫን፤ በቃ። ከፈተናው በፊትም አጭር መለማመጃ ነበረው። በኔ ግምት ከስሌቱ ይልቅ የሚደነቀው ይሄ ነው፤ ነርስነትን ለመመዘን የመጣ መሣሪያ ታይፕ ማድረግን እንዳይመዝን መጠንቀቃቸው።

ዛሬ ሁለቱ ቁልፎች ታሪክ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አስልቶ ቁጥር መጻፍና ሥዕል ላይ ቦታ መጠቆም መጣ። ከኤፕሪል 2023 ወዲህ ደግሞ ከጥያቄዎቹ ጋር የታካሚ ዲጂታል ካርድ ይቀርባል፦ በአንዱ ታብ የነርስ ማስታወሻ፣ በሌላው የደም ግፊትና የልብ ምት፣ በሌላው የላብራቶሪ ውጤት። እነዚህን አገናኝታችሁ ታካሚው ወዴት እያመራ እንደሆነ መለየት ይጠበቅባችኋል።

ይሄ የኮምፒዩተር ችሎታ ነው ወይስ ነርስነት? አሜሪካ ውስጥ ነርሶች የታካሚውን መረጃ የሚያነቡትም የሚመዘግቡትም ባብዛኛው ስክሪን ላይ ስለሆነ ሁለቱን መነጠል ያስቸግራል፤ በዚህ ፈተናውን አልወቅሰውም። ግን የወረቀት ካርድ እያገላበጠች የሠለጠነች ነርስ ዲጂታሉን መጀመሪያ የምታየው በፈተናው ዕለት ከሆነ፣ የ1994ቱ ስጋት በጓሮ በር ተመልሶ ገባ ማለት ነው። የናሙና ጥያቄዎቹ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ተቀምጠዋል፤ ኢንተርኔት ላለው።