ባትሪው ሲነቀል የማትጠፋው ካንዴላ

ታሪክ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ንጉሥና ጦርነት ነው። ዕቃም ግን ታሪክ አለው። በዛሬው የታሪክ ዓምዳችን የጣት ጫፍ የምታህል አንዲት ዕቃ ይዘን ቀርበናል። እሷም በሬዲዮ የሚታዘዙ ትናንሽ የአውሮፕላን፣ የመኪናና የጀልባ ሞዴሎችን ሞተር የምታቀጣጥለው ግሎው ፕላግ ናት።

«ይኼ የሀብታም ልጆች መጫወቻ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም የዚህችን ዕቃ ታሪክ ያወቀ ሰው ሁለት ነገር ያተርፋል ብለን እናምናለን። አንደኛ፣ በመጽሐፍ ብቻ የምናነበው ኬሚስትሪ ሥራ ላይ ሲውል ያያል። ሁለተኛ፣ የተበላሸ ዕቃ ሲያጋጥመው ከመጣሉ በፊት «ምን ነካው?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። መለዋወጫ እንደልብ በማይገኝበት እንደኛ ባለ ቦታ ደግሞ ይኼ ቀላል ትርፍ አይደለም።

እስቲ አስቀድመን የምናውቀውን ካንዴላ እናስታውስ። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ማለት ነው። የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ነዳጁ መቀጣጠል ባለበት ጊዜ ሁሉ ብልጭታ ይሰጣል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ አያስፈልገውም፤ አየሩ በኃይል ሲታመቅ ስለሚግል ናፍጣው በዚያ ሙቀት ይቀጣጠላል። በብዙ የናፍጣ መኪናዎች ላይም ግሎው ፕላግ አለ፣ ዋና ሥራው ግን ሞተሩ በብርድ ሲነሳ ማሞቅ ነው።

የሞዴል ሞተሯ ግሎው ፕላግ ከሁለቱም ትለያለች። ውስጧ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦው ፕላቲነም ያለበት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ1.5 ቮልት ባትሪ ጋር ትያያዝና ሽቦው ይግላል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ባትሪው ይነቀላል። ሽቦው ግን እንደጋለ ይቀጥላል። እንዴት ሆኖ?

መልሱን ለማግኘት ወደ እንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች መመለስ አለብን። እ.ኤ.አ. በ1812 ፌሊንግ በተባለ ቦታ በጉድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝ ፈንድቶ 92 ሠራተኞች አለቁ፤ ከሟቾቹ መካከል ልጆችም ነበሩ። በዚያ ዘመን ሠራተኛው ለማየት የሚይዘው መብራት ራሱ ጋዙን ሊያቀጣጥል ይችል ነበር። ሃምፍሪ ዴቪ የተባለው ኬሚስት በ1815 ነበልባሉ በሽቦ ወንፊት የተከበበ መብራት ሠራ። ምርምሩን በመቀጠልም በ1817 አንድ አስገራሚ ነገር አሳወቀ። የጋለ ቀጭን የፕላቲነም ሽቦ አየርና ጋዝ፣ ወይም አየርና የአልኮል ትነት በተቀላቀሉበት ውስጥ ሲገባ፣ ምንም ነበልባል ሳይኖር እንደጋለ ይቆያል።

ሽቦው ራሱ አይቃጠልም። ትነቱና ኦክስጅኑ በላዩ ላይ እንዲዋሃዱ ያደርጋል፤ ከውሕደቱ የሚወጣው ሙቀት ደግሞ መልሶ ሽቦውን ያግለዋል። ልክ እንደ ሽማግሌ ነው፦ ሁለቱን ያጋባል እንጂ ራሱ አያገባም። በ1835 የስዊድኑ ኬሚስት በርዜሊየስ ለዚህ ዓይነቱ ክስተት ካታሊሲስ የሚል ስም አወጣለት። አፋጣኙንም ዛሬ ካታሊስት እንለዋለን።

ከዚህ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ተሻግረን አሜሪካ እንደርሳለን። በ1930ዎቹ እንደ ብራውን ጁኒየር ያሉ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ለአውሮፕላን ሞዴል ሠሪዎች መሸጥ ጀመሩ። ሞተሮቹ በብልጭታ ስለሚሠሩ ባትሪ፣ ኮይልና ኮንደንሰር ይፈልጋሉ። ይህን ሁሉ ጓዝ የሚሸከመው ያው ከቀላል እንጨት የተሠራው ሞዴል ነው። በዚያ ላይ ብልጭታው የሬዲዮ መቀበያን ይረብሻል። ሞዴሉን ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ ማዘዝ ለሚፈልግ ሰው ይኼ ትልቅ ችግር ነበር።

በ1947 ሬይ አርደን የተባለ አሜሪካዊ ሠሪ ግሎው ፕላግን ለገበያ አቀረበ። ነዳጁም ከቤንዚን ወደ ሜታኖል ተቀየረ። ሜታኖል የአልኮል ዓይነት ነው፣ ዴቪ ያየው ነገር እዚህ ላይ ሥራ ያዘ ማለት ነው። ለማለስለሻ የጉሎ ዘይት፣ ኃይል ለመጨመር ደግሞ ናይትሮሜቴን ይደባለቅበታል። ባትሪው መሬት ላይ ቀረ፤ ኮይሉም ኮንደንሰሩም ቀረ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ የሞዴል ሞተሮች በዚህ መንገድ የሚሠሩ ሆኑ።

ታሪኩን ካወቅን ብልሽቱን መለየት አይከብደንም። ሽቦውን እያጋለ የሚያቆየው የፕላቲነሙ ሥራ፣ ካለፈው ፍንዳታ የተረፈው ሙቀትና የነዳጁ መታመቅ ተባብረው ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሞተሩ ያስቸግራል።

ሞተሩ አልነሳ ካለ ፕላጓን ፈትቶ ከ1.5 ቮልት ባትሪ ጋር ማያያዝና ሽቦውን ማየት ነው። ደምቆ ከጋለ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ነዳጁ እንሂድ። ካልጋለ ሽቦው ተበጥሷል ወይም ባትሪው ደክሟል፤ በሌላ ደህና ፕላግ መሞከር ይለየዋል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ስለሆነ ሽቦውን ወዲያው ያቃጥለዋል፣ አይሞከርም።

ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ሲነቀል ከጠፋ ደግሞ ነዳጁ በዝቶ ሽቦውን እያቀዘቀዘው ይሆናል፤ ወይም ሽቦው አርጅቶ ደብዝዟል፤ ወይም ፕላጓ ለዚያ ሞተር ቀዝቃዛ ናት። በመጀመሪያ የነዳጁን መርፌ በጥቂቱ ማጥበብ ይሻላል፣ ምክንያቱም እሱ ገንዘብ አያስወጣም። ሽቦው ተጨፍልቆ ከተገኘ ግን ነዳጁ አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል ወይም መታመቁ በዝቷል። መንስኤው ሳይስተካከል አዲስ ፕላግ ማሰር ሌላ ፕላግ መፍጀት ነው።

የመምረጡም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። ፕላጎች ሞቃት፣ መካከለኛና ቀዝቃዛ እየተባሉ ይሸጣሉ። ሞቃቷ ቀደም ብላ፣ ቀዝቃዛዋ ዘግየት ብላ ታቀጣጥላለች። ባጠቃላይ ሙቀቱ ቶሎ ለሚያመልጠው ትንሽ ሞተርና ናይትሮሜቴን ላነሰው ነዳጅ ሞቃቷ ትስማማለች፤ ለትልቅ ሞተርና ናይትሮሜቴን ለበዛበት ነዳጅ ደግሞ ቀዝቃዛዋ። ያም ሆኖ የሞተሩ ሠሪ ያዘዘውን ማስቀደም ነው።

መምህራን ለተማሪዎቻችሁ አጥብቃችሁ እንድትነግሩልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ሜታኖል አልኮል ቢባልም መርዝ ነው፤ የጠጣውን ሰው ዓይኑን ሊያጠፋ፣ ሊገድለውም ይችላል። ነበልባሉም በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የዚህን ሞተር ነዳጅ ያለ ምልክት በውኃ ጠርሙስ ማስቀመጥ ሰው መግደል ሊሆን ይችላል።

ዛሬ ብዙዎቹ ሞዴሎች በሊቲየም ባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር ይሠራሉ። በ1947 ከአውሮፕላኑ ላይ የወረደው ባትሪ ቀሎና በርትቶ ተመልሶ ተሳፈረ ማለት ነው። የዴቪ ግኝት ግን አልሞተም። በዘመናዊ መኪኖች የጭስ ማውጫ ውስጥም ፕላቲነም መርዛማ ጋዝን ወደማይጎዳ ጋዝ እየለወጠ ይገኛል። ጉድጓድ ውስጥ የሚያልቁትን ለማዳን የተጀመረ ምርምር የት የት እንደደረሰ እዩት!

ተማሪዎች፣ አንድ ጥያቄ እንተውላችሁ። በፕላቲነሙ ምትክ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽቦ ብናስገባ ባትሪው ሲነቀል ምን ይሆናል? ለምን? ከመምህሮቻችሁ ጋር ተወያዩበትና መልሱን ጽፋችሁ ላኩልን። እስከሚቀጥለው ዕትም ደህና ሰንብቱ።