ግትና ቀንድ፦ የላም ምስል በአፍሪካ ቀንድ የዓለት ጥበብ

በአፍሪካ ቀንድ ዓለቶች ላይ የሚገኙ የከብት ምስሎች ብዙ ጊዜ የሀብትና የክብር ምልክት ተደርገው ይተረጎማሉ። ይህ መጣጥፍ ከዚያ የጠበቀ ንባብ ያቀርባል፦ የጥንቶቹ ጠራቢዎች ከከብት ሁሉ አብልጠው ያከበሩት የምትታለበዋን ላም ነው።

ዋናው ማስረጃ የሚገኘው በዲላ አቅራቢያ፣ በሸፔ ወንዝ ሸለቆ ነው። በገደሉ ግድግዳ ላይ 50 ያህል ከብቶች ጎላ ብለው ተጠርበዋል። ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ ለተመራማሪዎች አስተዋውቋቸዋል። ላሞቹ ተከታትለው ይጓዛሉ፤ ሻኛ የላቸውም። ሻኛማው ዜቡ ከእስያ ዘግይቶ የገባ በመሆኑ፣ ይህ የሥራውን ጥንታዊነት ይጠቁማል።

ቀረብ ብሎ ላየ፣ የጠራቢው እጅ የት እንደዘገየ ግልጽ ነው። ጭንቅላቱ አንሷል፤ ግቱ ግን ከኋላ እግሮች መካከል ሞልቶ ወጥቷል። አካሉ ከጎን ሲታይ ቀንዶቹ ከፊት ወይም ከላይ እንደሚታዩ ሆነው ተቀርጸዋል። አንድ ቦታ ቆሞ ላምን እንዲህ የሚያይ ዓይን የለም። አላቢ ግን ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ ግቷን ያውቃል፤ ከፊቷ ቆሞ ሲጠራትም ቀንዷን ያውቃል። ምስሉ በየዕለቱ ዙሪያዋን ከዋለ ሰው ዕውቀት የተቀዳ ነው።

ግቱ ጾታን ለመለየት ብቻ የተደረገ ነው የሚል መከራከሪያ ሊነሳ ይችላል። ለዚያ ግን አንዲት አነስተኛ ጭረት ትበቃ ነበር። መጠኑ ከመለያነት አልፏል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች በሐርጌሳ አቅራቢያ ያገኟቸው የላስ ጌል ሥዕሎችም ይህን ያጠናክራሉ። የላሞቹ አንገት በመስመሮች አጊጧል፤ ከሥራቸው እጁን የዘረጋ ሰው ቆሟል፤ ሰውየው ከላሟ እጅግ ያንሳል። የሥዕሉ ባለቤት እሷ ናት።

ከእነዚህ ዓለቶች እስከ «ላሜ ቦራ» ተረት ቀጥተኛ የዘር ሐረግ መምዘዝ ስሕተት ይሆናል። ሆኖም እናት ለሞተችባቸው ልጆች ላም እናት የምትሆንበት ያ ተረት፣ ወተትና እናትነት በአካባቢው ሕዝብ ምናብ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ያሳያል። ስለዚህ የዓለት ምስሎችን ስንመዘግብ የከብቱን ብዛትና የቀንዱን ቅርጽ መቁጠር አይበቃንም፤ የግቱን መጠን ከአካሉ ጋር እያነጻጸርን መለካት ይገባናል። የጠራቢው ልብ ያረፈው እዚያ ነውና።