ወረራ፦ የማያውቁትን ሰው መመዘን

አምቦ ሻይ ቤት ካርታ ስንጫወት ከጉደር ወይም ከጊንጪ የመጣ እንግዳ ይቀላቀለናል። ገና ካርታው ሲበወዝ ሰውየውን መመዘን እንጀምራለን። ይቸኩላል? ብዙ ያወራል? ባለፈው ሰሞን አንዱን ዝምተኛ «ገራገር ነው» ብለን የወሩን የኪስ ገንዘባችንን አስረከብነው። ጥፋቱ የማን ነው? የእኛው ነዋ! አጨዋወቱን ሳናይ በፊቱ ፈረድን።

አባቶቻችን ለዚህ መላ ነበራቸው። የሀበሻ ሰንጠረዥ መክፈቻ «ወረራ» ይባላል። ተራ የሚባል ነገር የለም፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ባንድ ጊዜ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ጎበዝ ተጫዋች ታዲያ የራሱን ጦር ሲያሰልፍ ዓይኑ ከባላንጣው እጅ አይነቀልም፤ ያኛው አሰላለፉን ከለወጠ እሱም የራሱን መልሶ ያስተካክላል። ማለትም ደም ሳይፈስ በፊት ሰውን ማጥኛ ጊዜ ነበር።

እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ስለ ሰንጠረዣችን የጻፈው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ታተመ፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስቦ አቀረበ። በ1928 ዓ.ም. ሌላው ወረራ፣ የጣሊያኑ፣ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጨዋታው እየተረሳ ሄደ።

ካርታ ወረራ የለውም፤ ከመጀመሪያው እጅ ጀምሮ ገንዘብ ይቆጠራል። እንግዲያው እኛው እናብጅለት፦ ከእንግዳ ጋር ሦስት ዙር ያለ ገንዘብ እንጫወት፤ እንይ፤ ከዚያ እንፍረድ። ያ ዝምተኛ ሰው ተመልሶ ቢመጣ በዚህ ይስማማ ይሆን? መልሱ ራሱ ማንነቱን ይነግረናል።