ኃይለኛ የታይሮይድ ካንሰር ወደ ጨጓራና አንጀት ሲዛመት

አናፕላስቲክ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ከ100 የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ብቻ ይታያል። ይሁንና ከሁሉም ፈጥኖ የሚያድገው እሱ ነው። በአብዛኛው የሚይዘው ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ሲሆን፣ ለዓመታት እንቅርት ይዘው የኖሩ ከመካከላቸው ጥቂት አይደሉም።

እንደ ዘንገና ባሉ ደጋማ አካባቢዎች እንቅርት እንግዳ ነገር አይደለም፤ አብዛኛውም ካንሰር ስላልሆነ አይደንግጡ። ሳይለወጥ የኖረ እንቅርት በሳምንታት ውስጥ ካደገና ከጠነከረ፣ ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም መዋጥና መተንፈስ ካስቸገረዎ ግን የገበያ ቀን እስኪያልፍ እንኳ አይጠብቁ።

ይህ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚዛመተው ወደ ሳንባ፣ አጥንትና አንጎል ነው። በደም ተጉዞ ጨጓራ ወይም አንጀት ላይ ማረፉ በጣም ጥቂት ነው። (የምግብ ቧንቧ የታይሮይድ ጎረቤት ስለሆነ ዕጢው በቀጥታ ሊገባበት ይችላል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።) አንጀት ላይ ሲያርፍ ሊደማ፣ መተላለፊያውን ሊዘጋ፣ አንዳንዴም አንጀቱን ሊበሳ ይችላል።

ችግሩ ምልክቱ «ጨጓራዬ ነው» ተብሎ መታለፉ ነው። ካንሰሩ እንዳለብዎ አስቀድሞ ከታወቀ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራ፣ ደም ማስታወክ፣ ማዞርና መገርጣት፣ ወይም ሆድ ተነፍቶ ጋዝና ሰገራ መቆም በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። የሚወስዱትንም መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ፤ የአይረን እንክብል ሰገራን ያጠቁራል፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ራሳቸው ጨጓራ ያደማሉ።

ምርመራው ኢንዶስኮፒ ወይም ሲቲ ስካን ሊሆን ይችላል፤ ቁርጡ የሚለየው ግን ናሙና ተወስዶ ሲታይ ነው። ከእንጅባራ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጥበበ ግዮን ወይም ፈለገ ሕይወት ሪፈር ከተጻፈልዎ የአንገትዎን የፓቶሎጂ ውጤት ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ አዲሱን ናሙና የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።

ካንሰሩ እዚህ ሲደርስ ደረጃው 4 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በአብዛኛው በወራት ይቆጠራል። የካንሰሩ ሴሎች አዮዲን ስለማይስቡ የራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሕክምና አይሠራም። ቀዶ ሕክምና የሚደረገው ደሙን ለማቆም ወይም የተዘጋውን ለመክፈት ነው። ብራፍ የተባለው የጂን ለውጥ ላለባቸው፣ ዳብራፌኒብና ትራሜቲኒብ የተባሉ መድኃኒቶች አብረው እንዲሰጡ በ2018 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል፤ እዚህ መገኘታቸውን ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ውጤቱን ከታማሚው ይደብቃል። ከመደበቅ በፊት ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እሱን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ሕመሙንም ችሎ መተኛት የለበትም፤ ሞርፊን የሚታዘዘው ለዚህ ነውና ይጠይቁለት።