ስለ ውጅግራ ጠመንጃ የዛገ ብሎን

አባቶቻችን «ውጅግራ» እያሉ የሚጠሩት ጠመንጃ በፈረንሳይኛ «ፉዚል ግራ» ይባላል። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው መኰንን ከባዚል ግራ ነው። በ1874 (ዘመኑ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) የፈረንሳይ ጦር ሠራዊት መሣሪያ ሆነ። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር ሲሆን፥ በአንድ ጊዜ የሚጐርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመለከተው የጠመንጃውን ጀብዱ ሳይሆን በቀኝ ጐኑ ያለችውን አንዲት ብሎን ነው። ይህች ብሎን መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሲሳብ ወጥቶ እንዳይወድቅ ታግደዋለች። መቀርቀሪያውን አውጥቶ አፈሙዙን ከኋላ ለመጥረግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ እርስዋን መፍታት አለበት።

ብሎኗ አልፈታ የምትልበት ምክንያት ከባሩዱ ይጀምራል። ውጅግራ የሚተኰሰው በጥቁር ባሩድ ነው። ጥቁር ባሩድ ከጨው ጴጥር፥ ከከሰልና ከድኝ የተቀመመ ስለ ሆነ፥ ከተቃጠለ በኋላ እርጥበት የሚስብ ጨዋማ ጥላሸት ይተዋል። ይህ ጥላሸት በብረት ላይ ሲያድር ብረቱ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በብሎኗ ጥርሶች መካከል ገብቶ አጥብቆ ይይዛታል።

እንዲህ ያለው ጠመንጃ ወደ አገራችን በብዛት የገባበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ፖል ቪዬይ የተባለ የፈረንሳይ ኬሚስት በ1884 ጢስ አልባ ባሩድ አገኘ። በ1886 በዚሁ ባሩድ የሚተኰሰው ለበል ጠመንጃ ተሠራ፤ ውጅግራም ለፈረንሳይ ጦር አሮጌ ዕቃ ሆነ። አሮጌውን መሣሪያ ነጋዴዎች በኦቦክና በጅቡቲ በኩል አመጡት። በ1896 (በእኛ 1888 ዓ.ም.) በዐድዋ ጦርነት ጊዜ በኢትዮጵያ ወታደር እጅ ከነበሩት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ነበረ። እንግዲህ ኤውሮጳ ጥቁር ባሩድን ስትተው፥ ጥላሸቱንና ዝገቱን የወረሱት የእኛ ጠመንጃዎች ናቸው ለማለት ይቻላል።

ብሎኗን ሳይጐዱ ለመፍታት ከጕልበት ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አስቀድሞ ጠመንጃው ጥይት አለመጕረሱን ማረጋገጥ ይገባል፤ መቀርቀሪያው አልከፈት ብሎ ይህን ማየት ካልተቻለ ለዐዋቂ መስጠት እንጂ መነካካት አይገባም። ቀጥሎ በብሎኗ ራስ ላይ ያለውን ስንጥቅ በሹል እንጨት ጠርጎ ቀጭን ዘይት ማንጠባጠብና አንድ ሁለት ቀን መተው ነው። ካቻቢቴው ስንጥቁን በስፋትም በውፍረትም የሚሞላ መሆን አለበት፤ ጫፉ እንደ ሽብልቅ የሾለ ከሆነ ተንሸራቶ ከንፈሩን ይሰብረዋል። ካቻቢቴውን በስንጥቁ ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ዝገቱን ያላቅቀዋል። ከዚያም ከመፍታት በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቅ መሞከር ይጠቅማል። እንቢ ካለች ዘይቱን ደግሞ መጠበቅ ነው። ጠመንጃው በሞርሳ የሚያዝ ከሆነም በመካከሉ ቈዳ ወይም እንጨት ማስገባት የግድ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር የተማርሁት ከቤታችን ጕዳት ነው። በቤተሰባችን እጅ የኖረ አንድ ውጅግራ ነበረ። ለማስጠረግ የተሰጠው ሰው ብሎኗን ለመፍታት ጠመንጃውን በባዶ ሞርሳ አጥብቆ በመሮ መታት። የብሎኗ ራስ ተቈረጠ። በግራ ጐኑ ተቀርጾ የነበረውንም የፋብሪካና የሞዴል ጽሑፍ የሞርሳው ጥርስ ፈጨው። ስለዚያ ጠመንጃ በቤታችን ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ዛሬ በየት እንደ ተሠራ ቢጠየቅ የሚመልስ የለም።

የታሪክ ተማሪ ማስረጃን በብራናና በደብዳቤ ውስጥ ብቻ መፈለግ ለምዷል። ይሁን እንጂ በየቤቱ የተሰቀለው አሮጌ ጠመንጃም የሚነበብ ጽሑፍ አለው። የዛገች ብሎን አንድ ሳምንት ብታስጠብቅ የሚቀር ነገር የለም፤ የተፈጨ ፊደል ግን አይመለስም።