ጥፋቱ የሹፌሩ ነው

አክስቴ ወንበር ሳትነቀንቅ መኪና ላይ አትቀመጥም። ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ መጀመሪያ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጇ ይዛ ወደፊትና ወደኋላ ትገፋዋለች። ከተነቃነቀ ትወርዳለች። ረዳቱ ቢቆጣ፣ ተሳፋሪው ቢስቅባት ግድ የላትም። ጨፋ ሮቢት ላይ ወደ ከሚሴ የሚጭኑት ረዳቶች ጸባይዋን ስለለመዱት ገና ከሩቅ ሲያዩዋት “እማማ ይግቡ፣ ይሄኛው ጠንካራ ነው” ይሏታል። እሷ ግን ሳትነካው አታምንም።

ይህን ያስለመዳት አንድ አደጋ ነው። እኔ ልጅ ነበርኩ። እሷ የታመመ ሰው ልትጠይቅ ወደ ከሚሴ ስትሄድ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከፊት ለፊት ከሚመጣ አይሱዙ ጋር ተላተመ። ሚኒባሱ ከፋብሪካ ሲወጣ የዕቃ መኪና ነበር፤ ወንበሮቹ የተገጠሙት እዚሁ አገር፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሲጋጭ ብሎኖቹ ላሜራውን ቀደው ወጡና ወንበሮቹ ከነተሳፋሪዎቹ ተነቅለው ወደ ጋቢናው ተከመሩ። አጠገቧ የነበረችው ሴት እዚያው ሞተች። አክስቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ተረፈች፤ እስከዛሬ ታነክሳለች።

ትራፊክ ፖሊሱ የመዘገበው ምክንያት “ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር” የሚል ነበር። ሹፌሩ ታሰረ። ሰፈሩም የራሱን ፍርድ ሰጠ፦ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። የቀረውን ለቀደር ተወው። ሹፌሩ መፍጠኑ እውነት ነው፤ በዚህ ዛሬም አልከራከርም። ስለ ወንበሮቹ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ኋላ ምህንድስና ተምሬ ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ሆንኩ። በኛ ሥራ አንድ ሲስተም ሲወድቅ ሁለት ጥያቄ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው “ማን ምን ነካ?” ነው። ሁለተኛው “እሺ፣ አንድ ሰው ተሳሳተ እንበል፤ ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን አብሮ ወደቀ?” የሚል ነው። ሰው መሳሳቱ አይቀርምና የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። የመኪና ደህንነት ታሪክን ማንበብ ስጀምር የገረመኝ፣ ዓለም ይህን ሁለተኛ ጥያቄ ለመኪና ለማንሳት ምን ያህል እንደዘገየ ነው።

አሜሪካም አንድ ሰሞን እንደኛ ሰፈር ነበረች። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሰው በመኪና ሲሞት ምክሩ ሁሉ ለሹፌሩ ነበር፦ ቀስ በል፣ አትጠጣ፣ ተጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1965 ራልፍ ኔደር የሚባል ወጣት ጠበቃ መኪኖቹ ራሳቸው በየትኛውም ፍጥነት አደገኛ ናቸው የሚል መጽሐፍ አወጣ። ጄኔራል ሞተርስ የግል ሰላይ ቀጥሮ አስከተለበት፤ ነገሩ ሲጋለጥ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። በ1966 የተሽከርካሪ ደህንነት ሕግ ጸደቀ።

ሕጉን እንዲያስፈጽም የተሾመው የመጀመሪያው ኃላፊ ዊሊያም ሃደን ሐኪም ነበር። ሃደን የመኪና አደጋን እንደ ወረርሽኝ ነው ያየው። የጨፋ ሰው ይሄን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቆላ ነን፤ ወባን እናውቃታለን። ወባን ለመከላከል ሰውን “በትንኝ አትነከስ” ብለህ ብቻ አትተወውም፤ አጎበር ትሰጠዋለህ። ሃደንም ያለው ይህንኑ ነው፦ ግጭቱን መከላከል አንድ ነገር ነው፣ ግጭቱ ሲደርስ ሰውየው እንዳይሞት ማድረግ ሌላ ነገር ነው። ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ የማይነቀል ወንበር የመኪና አጎበሮች ናቸው።

ግን ሕግ ዝቅተኛውን መስፈርት ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። አለፈ ወይም ወደቀ፣ በቃ። 50 ያመጣውና 98 ያመጣው እኩል “አልፏል” ከተባለ ማን ይደክማል? ነገሩን የቀየረው ውጤቱን ነጥብ በነጥብ ለሕዝብ መለጠፍ ነው። አሜሪካ ይህን በ1970ዎቹ መጨረሻ ጀመረች። ትልቁ ለውጥ የታየው ግን አውሮፓ ውስጥ ነው።

ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 የመጀመሪያ ውጤቶቹን ይፋ አደረገ። በሰው ልክ የተሰሩ አሻንጉሊቶችን መኪና ውስጥ አስቀምጦ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ከመሰናክል ጋር ያላትም ነበር፤ ከዚያ አሻንጉሊቱ ጭንቅላት፣ ደረትና እግር ላይ ያረፈውን ኃይል ለክቶ በኮከብ ያስቀምጠው ነበር። ሮቨር 100 የተባለችው ትንሽ የእንግሊዝ መኪና አንድ ኮከብ አገኘች። ሥዕሉ በየጋዜጣው ወጣ፣ ገዢ ሸሸ፣ ብዙም ሳይቆይ መኪናዋ ከምርት ወጣች። አምራቾቹ ፈተናው ከልክ ያለፈ ነው፣ አራት ኮከብ የማይታሰብ ነው ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት ቮልቮ ኤስ40 አራት ኮከብ አመጣች። በ2001 ደግሞ ሬኖ ላጉና አምስት ደፈነች። በመካከሉ የፊዚክስ ሕግ አልተቀየረም። የተቀየረው፣ ገዢው ቀድሞ ሻጩ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ማወቁ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፦ ፈታኙን ማን ነው የሚከፍለው? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሰረተ የሀይዌይ ደህንነት ኢንስቲትዩት አለ፤ ወጪውን የሚሸፍኑት የመድን ኩባንያዎች ናቸው። ብልህ አደረጃጀት ነው። መኪናው ደካማ ከሆነ ካሳ የሚከፍለው መድን ሰጪው ስለሆነ እውነቱን ማወቅ ለራሱ ይጠቅመዋል።

ይህ ተቋም በ2012 አዲስ ፈተና አመጣ፤ የመኪናውን ፊት አንድ አራተኛ ብቻ፣ በሹፌሩ በኩል፣ ከጠንካራ ግድግዳ ጋር ማላተም። መጀመሪያ ከፈተናቸው 11 ውድ መኪኖች አጥጋቢ ውጤት ያመጡት 3 ብቻ ነበሩ። አምራቾቹ ፈጥነው አስተካከሉ። በ2016 ተቋሙ በሹፌሩ በኩል ጥሩ ያመጡ 7 መኪኖችን ወስዶ በተሳፋሪው በኩል ቢያላትማቸው ጥሩ ያገኘው 1 ብቻ ሆነ። ብዙዎቹ ያጠናከሩት የሚፈተነውን ጎን ነበር! ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ሲያነብ ፈገግ ይላል፤ ቴስቱን ብቻ የሚያልፍ ኮድ ጽፈን እናውቃለንና። ለዚህ ነው ፈታኙ ነጻ መሆኑ ብቻ የማይበቃው፤ ጥያቄውንም እየቀያየረ መምጣት አለበት።

ፈታኝና ተፈታኝ አንድ ሲሆኑ ምን እንደሚመጣ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ከአምስት ወር ገደማ በፊት ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰው ይዞ ወድቆ ነበር። ችግሩ ያለው ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ውስጥ ነበር፤ ከአንድ ሴንሰር ብቻ በሚመጣ መረጃ ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይደፋል። የአሜሪካ የበረራ ባለሥልጣን ደግሞ የማረጋገጡን ሥራ ትልቅ ክፍል ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶት ነበር። ትዝ ይላችሁ እንደሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ ጣት የተቀሰረው አብራሪዎቹ ላይም ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው። የኢትዮጵያ መርማሪዎች በወሩ ባወጡት የመጀመሪያ ሪፖርት ግን አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ደጋግመው እንደፈጸሙ ታወቀ። እኔ ያን ሰሞን ገና ተማሪ ነበርኩ። የራሴን ኮድ ራሴ ብቻ ፈትሼ “ይሰራል” ማለት ያቆምኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ መኪናው ልመለስ። የኮከቡ ነገር ለሀብታም አገር ብቻ የሚመስለው ካለ ሕንድን ይይ። እ.ኤ.አ. በ2014 ግሎባል ኤንካፕ ሕንድ ውስጥ በብዛት የሚሸጡ አምስት ትንንሽ መኪኖችን ፈትኖ አምስቱም ዜሮ ኮከብ አገኙ። ከነዚህ አንዷ የታታ ናኖ ነበረች። ያው ታታ በ2018 ኔክሰን በተባለች መኪና አምስት ኮከብ አመጣ። በ2023 ሕንድ የራሷን የፈተና ሥርዓት አቋቋመች።

አፍሪካ ላይም ይኸው ሥራ በ2017 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተጀመረ። በ2018 አፍሪካ ውስጥ አዲስ የሚሸጠው ኒሳን ኤንፒ300 ሃርድቦዲ ፒክአፕ ዜሮ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ፈታኞቹ ይህንን አዲስ መኪና ለአውሮፓ ገበያ ከተሰራ የ2015 ሁለተኛ እጅ ኒሳን ጋር ፊት ለፊት አላተሙት። በአሮጌው ውስጥ የነበረው አሻንጉሊት ሰው ቢሆን ኖሮ በእግሩ ሊሄድ ይችል ነበር። በአዲሱ ውስጥ የነበረው ሊሞት ይችል ነበር። አንድ ኩባንያ፣ አንድ አርማ፣ ግን ለሁለት ዓይነት ሰው የተሰራ ሁለት ዓይነት መኪና።

እኛስ? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 26.7 ያህሉ በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገምቷል። ዓመታዊ ምርመራ አለን፤ ቦሎ። ቦሎ ግን ፍሬኑ ይይዛል ወይ፣ መብራቱ ይበራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ነው፤ መኪናው ሲላተም ውስጡ ያለው ሰው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ውስጡ የለም። በአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ በብየዳ የሚሰራውን ቅጥቅጥ አሻንጉሊት አስቀምጦ ያላተመው የለም። የሚፈተነው እውነተኛ ሰው ጭኖ፣ መንገድ ላይ ነው።

ጥቂት ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ጠርተን የምንሳፈራትን ሱዙኪ ዲዛየር አስቡ። በኅዳር ወር 2024 እ.ኤ.አ. አዲሱ የዲዛየር ሞዴል ከግሎባል ኤንካፕ አምስት ኮከብ አገኘ። ደስ የሚል ዜና ነው። ችግሩ፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን ያስታወቀው በጥር 2016 ዓ.ም.፣ ማለትም ከዚያ አሥር ወር ቀደም ብሎ ነው። እዚህ የሚሽከረከሩት ዲዛየሮች በአብዛኛው የፊተኞቹ ናቸው። ስሙ አንድ ነው፣ ኮከቡ ግን የሌላ መኪና ነው።

ይህን ሁሉ ማንበብ የጀመርኩት አጎቴ ስለደወለልኝ ነው። የአክስቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ያለውን ሚኒባስ ሸጦ ኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ አስቧል። ሮቢት ላይ መብራት በሄደ ቁጥር ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩትም።

“ደላላው አምስት ኮከብ አለው ይላል፤ አንተ ኮምፒውተር ታውቅ የለ፣ እስቲ እየው” አለኝ።

አየሁት። ኮከቡ እውነት ነው፤ ግን አውሮፓ ለሚሸጠው መኪና የተሰጠ ነው። አጎቴ ሊገዛው ያሰበው ለቻይና ገበያ የተሰራው፣ ዋጋው ዝቅ ያለው ዓይነት ነው። በስልክ ሦስት ነገር ነገርኩት። ደላላውን እንዲህ ብለህ ጠይቀው፦ ኮከቡን የሰጠው ማን ነው? የተፈተነው ይሄው ራሱ ነው ወይስ ስሙ የሚመሳሰል? የተፈተነውስ መቼ ነው? የአሥር ዓመት በፊት አምስት ኮከብ ከዛሬው አምስት ጋር እኩል አይደለም፤ ፈተናው በየጊዜው ይከብዳል። ከዚያ ቢያንስ ኤርባጎቹን ቁጠር አልኩት።

“ስንት መሆን አለበት?”

“መጀመሪያ ስንት እንዳለው እንወቅ፣ አጎቴ።”

ተቆጠሩ። ሁለት ናቸው። አውሮፓ የተፈተነው ከዚያ በላይ ነበረው። አጎቴ ትንሽ ዝም አለና “እና አምስቱ ኮከብ የማን ነው?” አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ገብቶታል። መኪናውን አልገዛውም፤ በሌላ ሁለት ወር ተጨማሪ ገንዘብ አሰባስቦ ስድስት ኤርባግ ያለው ገዛ። ይሄኛውም እዚህ አገር የሞከረው የለም። ቢያንስ ግን ምን እንደገዛ ያውቃል።

ላቦራቶሪ ነገ ይተከል አልልም፤ ውድ ነገር ነው። ሁለት ነገር ግን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አስመጪ “አምስት ኮከብ” ብሎ ሲሸጥ የትኛው ሞዴል፣ በማን፣ መቼ እንደተፈተነ በጽሑፍ እንዲያቀርብ ማድረግ አንዱ ነው። ሌላው የአደጋ መዝገብ ላይ “ለምን ተጋጨ?” ከሚለው ሥር አንድ መስመር መጨመር ነው፦ “ሰውየው ለምን ሞተ?” ያን ጊዜ ይህ መስመር ቢኖር ኖሮ አንድ ሰው ስለ ብሎኖቹ ይጽፍ ነበር። ተጽፎ ቢሆን ደግሞ አንድ ጋራዥ ይጠየቅ ነበር። በኛ አገር ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ የሚል ሰው ይሳቅበታል፤ ወንበር ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ዝም ብለን እንቀመጣለን።

ባለፈው ረቡዕ፣ ገበያው ደርቶ ከብቱና ግመሉ አስፋልቱን በሞላበት ሰዓት፣ አጎቴ አዲሱን መኪና ይዞ አክስቴ ደጅ ደረሰ። እሷ እንደ ልማዷ በሩን ከፍታ መደገፊያውን በሁለት እጇ ያዘችና ወደፊትና ወደኋላ ገፋችው።

“አይነቃነቅም” አለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብላ።

አጎቴ በኩራት ሳቀ። እሷ ግን አልገባችም። ዞር ብላ የመኪናውን ፊት አየችና ጠየቀች፦

“ቢጋጭስ?”